የደፈነው እጅ

ኤልሮይ ማረፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ቤታቸው በጥቅምት ተቃጥሎ ከሚስቱ ከማርሊስ ጋር በመኪና ወደምትጎተት ባለ ጎማ ትንሽ ቤታቸው ከገቡ ወዲህ፣ አንድ ሳህን ሾርባ እንኳ ተረጋግቶ የጨረሰበት ቀን የለም። ይነሳል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል። ያቺ ተጎታች በሞቃት ወራት ሐይቅ ዳር ቆማ ዓሣ ሊያጠምዱባት እንጂ የሰሜን ዳኮታን ውርጭ እንድትችል የተሠራች አልነበረችም። ግን ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቤት አመድ ሆኖ ከፊታቸው ተዘርግቷል፤ ታዲያ የት ይግቡ?

ዙሪያዋን በጭድ እስር ከበባት፤ በጭዱ ላይ በረዶ በአካፋ ከመረ። መስኮቶቿን በላስቲክ ሸፈነ። ከጎተራው የኤሌክትሪክ መስመር ስቦ የውኃውን ቱቦ በማሞቂያ ሽቦ ጠመጠመው፤ የጋዝ ሲሊንደሩን ብርድ ልብስ አለበሰው። ያም ሆኖ ማለዳ ሲነሱ ትንፋሻቸው ግድግዳው ላይ በረዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። አንድ ቀንማ የማርሊስ ፀጉር ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ ኤልሮይ ለብ ባለ ውኃ እያራሰ ሲያላቅቅላት እሷ ስትስቅ እሱ ዕንባው መጣ።

ማርሊስ ልቧ ደካማ ነበር።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ተው! በሩን አሥር ጊዜ ስትከፍተው ነው እኮ እኔን የሚበርደኝ!»

«ሲሊንደሩን አይቼ ልምጣ።»

«አሁን አይተኸው መጣህ! ምን፣ እግር አውጥቶ ይሄዳል?»

ከመንገዱ ማዶ የታናሽ ወንድሙ የሎዌል ቤት ጭስ ይታያል። ወንድማማቾቹ በአባታቸው መሬት ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ቤቱ በተቃጠለ ማግስት ሎዌል ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጥቶ «ባዶ ክፍል አለኝ፤ ኑ ግቡ» ቢል፣ ኤልሮይ «መሬቴን ስትወስድ እኔን መች ጠየቅኸኝ?» ብሎ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋበት። ማርሊስ ግን ያቺን ክፍል ከልቧ አላወጣቻትም።

«ሎዌል ጋ እንሂድ፣ ኤልሮይ። ይቅር በለው አላልኩህም። በርዶኝ ነው።»

«አሞቅሻለሁ አልኩሽ እኮ!»

ወይ ኩራት! ስንቱን ጎጆ አፍርሰሃል?

በጥር አጋማሽ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ገባ። ጋዙ ሲሊንደሩ ውስጥ ደከመ፤ ማሞቂያው አንዴ እየነደደ አንዴ እየጠፋ አስቸገረ። ኤልሮይ የማብሰያ ምድጃውን አራቱንም ዓይን ለኮሰ። በጣሪያው የአየር ቀዳዳ ነፋስ ሲያፏጭ በፎጣ ደፈነው፤ በበሩ ሥር ያለውንም በአሮጌ ሹራብ ጠቀጠቀው። ግድግዳው ላይ ያለችው፣ የሚቃጠል ጋዝ መርዝ ቤት ውስጥ ሲከማች የምታስጠነቅቀው መሣሪያ መጮህ ጀመረች። «ብርዱ አበላሽቷት ነው» አለና ባትሪዋን አወጣ… ያቺ ከንቱ እጁ!

ሁለት ቀን ሙሉ ማርሊስ «ራሴን… ራሴን» አለች። እሱንም አልፎ አልፎ ያዞረው ነበር፤ ነገር ግን ወጣ ገባ ማለቱን ስላልተወ፣ በወጣ ቁጥር ንጹሕ አየር እየሳበ ይሻለዋል። ያ የምትነቅፈው መንቆራጠጡ ለእሱ ነፍስ ዘራለት፤ እሷ ግን አልጋዋ ላይ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሙሉ ሲሊንደር ሊያመጣ ፒካፑን አስነሳ። ከመሄዱ በፊት ብርድ ልብሱን አገጯ ድረስ ሳበላት። ጉንጯ ቀልቶ ነበር።

«ዛሬ እንኳ ሞቆኛል» አለችው እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። «ጎበዝ ነህ፣ የኔ ጌታ።»

ያን ቀን ከተማ ድረስ እያፏጨ ነዳ!

ሲመለስ ከሩቅ ያየው የተጎታቿን በር ነው፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደሙ ፈላ። ስንት የለፋበት ሙቀት ሜዳ ላይ ይፈስሳል! «ማነው በሩን የከፈተው?» እያለ እየጮኸ ከመኪናው ወረደ።

ሎዌል በረዶው ላይ ተንበርክኳል። ፒካፑ ሲወጣ አይቶ፣ ወንድሙ በሌለበት ማርሊስን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ደጋግሞ ቢያንኳኳ መልስ ቢያጣ ነበር የገባው። ወደ ውጭ አውጥቶ ካፖርቱን አልብሷት ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጓል።

«አየር የለውም ቤቱ፣ ኤልሮይ… እኔንም ሊጥለኝ ነበር። አምቡላንስ ጠርቻለሁ። አታናግረኝም… ብጠራት፣ ብጠራት…»

«ማርሊስ! ማርሊስዬ! ሞቆኛል ብለሽኝ አልነበር?»

ሐኪም ቤት ሳትደርስ አረፈች። ኤልሮይ ኮሪደሩ ላይ እጆቹን እያየ «እኔ ነኝ የደፈንኩት፤ በእነዚህ ነው የደፈንኩት» ይላል። ሎዌል እጆቹን በእጁ ውስጥ ሸሸጋቸው።

«አንዴ አንኳኩቼ፣ ተቆጥቼ የተመለስኩት እኔስ? ዳግመኛ መምጣት ምን ይገድለኝ ነበር?»

ዘጠኝ ዓመት የቆየው ቂም እዚያ ወንበር ላይ ቀለጠ። ምን ዋጋ አለው! አስታርቃ ልታያቸው የጓጓችው የለችም።

መከራው በዚህ አላበቃም። መሬቱ እንደ ድንጋይ ስለጠነከረ መቃብር የሚቆፈረው በሚያዝያ ነው፤ እስከዚያ ሬሳዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለ ቀዝቃዛ ክፍል ይቆያል ተባለ። ኤልሮይ ይህን ሲሰማ ጮኸ። «ብርድ ላይ ልትተዉአት ነው? ብርድ አትወድም እኮ!» በሎዌል ሞቃት ክፍል ውስጥ ሦስት ወር ሲገላበጥ ከረመ፤ ሙቀቱ እንደ እሾህ ይወጋው ነበር።

በሚያዝያ በረዶው ሲሟሽሽ፣ ወንድማማቾቹ ሰው አንቀጥርም ብለው በገዛ እጃቸው ቆፈሩ። ጉድጓዱ ሲያልቅ ኤልሮይ መዳፉን አፈሩ ላይ አሳረፈና ወደ ሎዌል ቀና አለ።

«አሁንም ይበርዳል፣ ወንድሜ።»

ሎዌል ወርዶ አጠገቡ ቆመና ትከሻውን አቀፈው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ጉድጓድ ውስጥ እንደ ሕፃን ተላቀሱ።

ዕጣ ፈንታ ይሉታል ሰዎች። እኔ ግን እላለሁ፦ ከማርሊስ አልጋ እስከዚያች ሞቃት ክፍል ያለው መንገድ በእግር አምስት ደቂቃ ነበር…