ጢም አድርገህ ሙላ

ሟቹ የተኛው እንደ ወትሮው ነበር፤ ጫማውን አውልቆ፣ መነጽሩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጋራዡ ጥግ ባለችው ታጣፊ አልጋ ላይ። ከምሳ በኋላ ሸለብ ማድረግ ልማዱ ነው። የዛሬው ልዩነት አለመንቃቱ ብቻ ነው። ሐኪሙ አይቶት «በሞተር ጭስ ታፍኖ ነው» ብሎ ሄዷል።

ከአልጋው ማዶ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዷ በናፍጣ የምትሄድ፣ ሌላዋ ቤንዚንና ባትሪ የምታፈራርቅ ሃይብሪድ። የሟቹ ሥራ መኪና ማወዳደር ነበር፤ የትኛዋ በትንሽ ነዳጅ ብዙ እንደምትሄድ ፈትኖ ይናገራል። ለማንም ስለማያዳላ ሰዉ ሁሉ «ሚዛኑ» ይለዋል። አንድ የታክሲ ማኅበር አዳዲስ መኪኖች ሊገዛ አስቦ «እሱ የመረጠውን እንገዛለን» ብሎ ነበር። ናፍጣዋን ያቀረበው የገዛ ታናሽ ወንድሙ፣ መካኒኩ ነው። ሃይብሪዷን ያቀረበው ደግሞ ከሸሚዙ አንገት እስከ ጫማው የሚያብረቀርቅ የሽያጭ ወኪል ነው።

መርማሪዋ «ለምን» ማለት ስለማይታክታት ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ታውቃለች፤ ስሙም ደስ ይላታል። ዛሬ ግን ደስ የሚል ነገር አልነበረም። ገና በሩን ስታልፍ መካኒኩ ከመሬት ተነስቶ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

«እሰሩኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ለምን?»

«ለምን ማለት ምንድን ነው? ናፍጣዋን ያቆምኳት እኔ ነኝ። ተናድጄ ነበር፣ ሞተሯን ሳላጠፋት ወጥቼ ነው። መኪናዬ ወንድም ጋሼን ገደለችው!»

«ሞተሯን እንዳላጠፋሃት ታስታውሳለህ?»

«ቁልፏ ተከፍቶ ተገኘ አይደል? ከዚህ በላይ ምን ላስታውስ?» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሬሳውን ያገኘው የማኅበሩ ሾፌር ነበር። መርማሪዋ ወደ ጎን ወሰደችው።

«ከምሳ ስመለስ በሩ ዝግ ነው» አላት። «እሱ ሲተኛ ይዘጋዋል፣ ጫጫታ አይወድም። ስከፍተው ራሴን አዞረኝ። የናፍጣዋ ቁልፍ ተከፍቶ መብራቷ በርቷል፣ ሞተሯ ግን አይሠራም። ታፍና ጠፍታ ይሆናል አልን።»

«የናፍጣ ጭስ ሸተተህ?»

ሾፌሩ አፍንጫውን ነካ ነካ አደረገ። «አሁን ሲሉኝ ነው… ኧረ ምንም አልሸተተኝም።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ሸሚዝ አሸተተች። ሳሙና ሳሙና ይላል።

«ወንድማማቾቹ ለምን ተጣሉ?»

«በነዳጅ ሙሌት! እዚህ ግቢ ውስጥ ባለው ማደያ ነው የምንቀዳው። ሚዛኑ መኪናዋ የምትነግርህን ቁጥር አያምንም፤ ስክሪኗን ነክቶም አያውቅም። ታንኩን እስከ አፉ ይሞላል፣ ይነዳል፣ መልሶ ይሞላል፤ የጎደለው ነው የጠጣችው። ዛሬ ከምሳ በፊት መካኒኩ ሲቀዳ ማደያው ሞልቷል ብሎ ቀጭ ሲል አቆመ። ሚዛኑ ጮኸበት፤ ‹ጢም አድርገህ ሙላ! ወንድሜ ስለሆንክ ጠብታ አላዳላልህም!› መካኒኩም ‹አንተም ወንድም ተብለህ!› አለው። ሞላለትና ኩርፍ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።»

«ከተሞሉ በኋላ ማን አስገባቸው?»

«ናፍጣዋን መካኒኩ፣ ሃይብሪዷን ወኪሉ። ከዚያ ከወኪሉ ጋር ምሳ ሄድን። መሀል ላይ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ ብሎ ቆይቷል። ሲመለስ ምግቡም ቀዝቅዞ ነበር።»

ወኪሉ ግን አልተረበሸም። «እኔን ምን ጥልቅ ያደርገኛል?» አለ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ። «መኪናዬ ከተማ ውስጥ ስታሸንፍ ሰንብታለች። ለወንድሙ አዝናለሁ እንጂ።»

መርማሪዋ ሁለቱን መኪኖች ለብቻዋ አየች። የናፍጣዋ ስክሪን የጠዋቱን ጉዞ እንዳለ ያሳያል። የሃይብሪዷ ባዶ ነው። የሁለቱም የነዳጅ ክዳን ላይ የሟቹ ፊርማ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፤ አልተነካም። መኪኖቹን አሳሽጋ፣ በሩን አስቆልፋ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ጋራዡ ፊት ሰበሰበቻቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለት ጀሪካን ተቀምጧል፤ አንዱ ናፍጣ፣ አንዱ ቤንዚን።

«ናፍጣ ስትነሳ ጎረቤት ይሰማል» አለች። «ጫጫታ ስለማይወድ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው አጠገቡ እያጓራች እንዴት አልነቃም? ናፍጣ ልብስ ላይ ይቀራል፤ ሸሚዙ ሳሙና ነው የሚለው። ጭሷ ያከረፋል እንጂ ሰውን በዝምታ የሚወስደው መርዝ በቤንዚን ጭስ ነው የሚበዛው።»

«ቁልፏስ?» አለ ወኪሉ።

«ቁልፍ መክፈትና ሞተር ማስነሳት ይለያያል። አሁን ሚዛኑ እንደሚያደርገው እናድርግ።» ወደ ሾፌሩ ዞረች። «የናፍጣዋን ክዳን ክፈት። ጢም አድርገህ ሙላ።»

ሾፌሩ ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነሳና ቀዳ። ናፍጣው ወዲያው ገንፍሎ ጫማው ላይ ፈሰሰ። መካኒኩ ቀና አለ።

«ሃይብሪዷን።»

ቤንዚኑ ገባ። አሁንም ገባ። ሾፌሩ ጀሪካኑን ይበልጥ አዘነበለው፤ ታንኩ ዝም ብሎ ይቀበላል።

«ከማደያው እስከዚህ ደርሳ ይህን ሁሉ ጠጣች?» አለች መርማሪዋ። «ሃይብሪድ ሳትጠፋም ዝም ትላለች። ሚዛኑ የጠፋች መሰለው። ማቀዝቀዣዋ እየሠራ ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ራሱ ይነሳል፤ ያኔ ሰውየው እንቅልፍ ወስዶታል።»

«አይሆንም!» አለ ወኪሉ። «ስክሪኗ ባዶ ነው! ምንም አልጠጣችም!»

«ባዶ መሆኑን በምን አወቁ? ከትናንት ጀምሮ ታሽጋለች። የጠዋቱ ጉዞ እንኳ ተሰርዟል። ሚዛኑ ስክሪን አይነካም፤ የሰረዙት እርስዎ ነዎት። ታንኩን ግን ረሱት፤ እርስዎ የሚያምኑት ስክሪኑን ብቻ ስለሆነ።»

«ዛሬ እኮ የረጅሙ መንገድ ፈተና ነበር» አለ ሾፌሩ ለራሱ እንደሚያወራ። «ታክሲዎቻችን የሚውሉበት። እዚያ ናፍጣን የሚችላት የለም። ወኪሉ ፈተናው እንዲቀር ሚዛኑን ሲለምነው ሰምቻለሁ።»

ወኪሉ ግድግዳውን ተደገፈ። «እንዲያመው ብቻ ነበር… ዛሬ እንዳይነዳ ብቻ…»

«ተመልሰው ሲያዩት ግን ሰው አልጠሩም» አለች መርማሪዋ። «በሩን እንኳ አልከፈቱለትም። ሃይብሪዷን አጥፍተው የወንድሙን ቁልፍ ነው የከፈቱት።»

ፖሊሶቹ ወኪሉን ሲወስዱት መካኒኩ ዞሮ አላየውም። ናፍጣዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ መሬት የፈሰሰውን እያየ ነበር። መርማሪዋ አጠገቡ ቆመች።

«መኪናህ አልነካችውም፣ ልጄ። ቀጭ ሲል አቁመህ ብትሄድ ኖሮ ግን ይህን ማንም ሊያረጋግጥልህ አይችልም ነበር።»

መካኒኩ የወንድሙ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ከሾፌሩ እጅ ተቀበለና በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ደባበሰው።

«‹ጠብታ አላዳላልህም› አለኝ» አለ። «እኔ ደግሞ ‹አንተም ወንድም ተብለህ› አልኩት።»

ከዚያ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ከትናንት ጀምሮ አልመጣ ያለውን ለቅሶ አለቀሰ።