ከአስፋልቱ ወዲያ

«ቤታችሁ ቀጠናው ውስጥ የለም» አለ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል። እንዲህ ሲላቸው ይሄ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

ትልቋ ልጅ በመስኮቱ አሻግራ አየች። ቤታቸው ፊት ለፊት ነው። እናቷ ጠዋት ያሰጣችው አንሶላ ሳይቀር ይታያል።

«ያ ሰማያዊ በር ያለው እኮ ነው ቤታችን! ደወላችሁን አልጋችን ላይ ሆነን እንሰማዋለን።»

«አያለሁ። ግን ቀጠናው አስፋልቱ ላይ ያበቃል። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለ ልጅ የሚመዘገበው ከድልድዩ ማዶ ነው።»

ከድልድዩ ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት ትልቋ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ይኸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተመላልሳበታለች። አንድ ሰዓት የእግር መንገድ፣ በአንድ ክፍል ሰማንያ ተማሪ፣ ለሦስት አንድ መጽሐፍ። አሁን ደግሞ ተራው የታናሽ እህቷ የሚጢጢ ሊሆን ነው። ሚጢጢ ገና ሰባት ዓመቷ ነው።

እናታቸው ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች፤ በቀጠናው ውስጥ የምትኖረው የአክስታቸው የመብራት ቢል ነው።

«እንዲያውም ትንሿ የምትኖረው እህቴ ጋ ነው» አለች ድምጿን ቀነስ አድርጋ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ውሸት አይሆንላትም። አንገቷ ላይ የቀረውን ሜትር ታፍተለትለው ጀመር።

መዝጋቢው ወደ ሚጢጢ ዞረ። «እስቲ ማሚቱ፣ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

«ከአክስቴ ጋር!» አለች ሚጢጢ፣ እንደተነገራት። ከዚያ በመስኮቱ እየጠቆመች፣ «እዛ ቤት!»

ትልቋ ዓይኗን ጨፈነች። መዝጋቢው ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፎርሙን ገፋላቸው።

«እኔ ምንም አልሰማሁም። ግማሹ ሰው የሚያስመዘግበው እንዲህ ነው። አሳዳጊ የሚለው ላይ አክስትየዋን ጻፉ።»

«ያንቺ ጽሕፈት ይሻላል» ብላ እናቷ እስክሪብቶውን ለትልቋ ሰጠቻት።

ትልቋ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች። «አክስት የሌለውስ?»

«አክስት የሌለውማ ድልድዩን ይሻገራላ።»

«መስመሩን ያሰመረው ማነው?»

«ከላይ የመጣ ነው።»

«ከላይ የት?»

«ኧረ እኔን ለቀቅ አርጊኝ፣ ልጄ! የሰፈሩ ወላጆች ፈርመው ማመልከቻ ማስገባት ይችላሉ። እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ግን ያስገባ የለም። መልሱም ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ እህትሽ ከድልድዩ ማዶ ነው የምትማረው።»

«አንቺ ልጅ፣ አታድርቂኝ!» አለች እናቷ። «ሥራዬን ጥዬ መጥቼ ዛሬም ባዶ እጄን ልመለስ?»

«እማ፣ ይሄን ከሞላሁ እኮ ሚጢጢ ያንቺ አይደለችም ብዬ መጻፌ ነው።»

እናቷ ፎርሙን ሳብ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«የእኔ ስም የት ነው የሚገባው?»

«የትም» አለ መዝጋቢው።

እናቷ ፎርሙን መለሰችለት። ከዚያ ቢሉን እጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ድምጿ ግን እንደተቆጣ ነው።

«ጠዋት ጠዋት ማን ሊወስዳት ነው?»

«እኔ።»

«ዝናብ ሲሆንስ?»

«አዝላታለሁ።»

«እስቲ እናያለን!» ብላ እናቷ የሚጢጢን እጅ ይዛ ወጣች። ትልቋ ከመዝጋቢው ለማመልከቻው ሁለት ባዶ ወረቀት ለምና ተከተለቻቸው። መንገዱን ለመሻገር አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም፤ ይሄም ራሱ አናደዳት።

እናቷ ወደ ስፌት መኪናዋ ገባች። ትልቋ ግን በራቸውን አልፋ የጎረቤታቸውን የአናጢውን በር አንኳኳች። ስድስት ዓመት የሞላቸው መንትዮች አሉት።

አናጢው በሩን ከፈተ፤ ቅንድቡ ሳይቀር ሰጋቱራ ተነስንሶበታል። «ምነው፣ ሰላም ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ሰላም እንኳ አይደለም» አለች። «ትንሽ ጊዜ አለዎት?»