ከግንቡ የጎደለው ሦስት ሜትር

ይሄን አንብባችሁ "ፈጠራ ነው" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። በቦታው ግን ብቻዬን አልነበርኩም...

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ጠራራ ፀሐይ።

ቀያሽ ነኝ። የአንድ ባላባት ዘር ለሁለት መቶ ዓመት የኖረበት ግንብ ሙዚየም ሊሆን ነው ተብሎ፣ ከነግቢው እንድንለካው ተላክን። አብሮኝ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ በቁመቱ ምክንያት "ቀውላላው" እንለዋለን።

አትክልት ቦታውን፣ የፈረሶቹን ጋጣ፣ የቤተሰቡን መቃብር ለካን። ሁሉም ልክ ነው።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግን ነገሩ እምቢ አለን።

ከውጭ ሲለካ ሃያ አንድ ሜትር። የውስጥ ክፍሎቹ ከነግድግዳቸው ውፍረት ሲደመሩ... አሥራ ስምንት።

ደገምነው። አሁንም አሥራ ስምንት።

የግንቡ ጠባቂ አዛውንት ናቸው። እናታቸውም እዚሁ ቤት አገልጋይ ነበሩ።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ የተዘጋ ክፍል ነበር እንዴ?" አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

"የመጨረሻው ባላባት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። የመረጡላትን ሰው አላገባም አለች። አንድ ቀን ግንበኛ ተጠራ። በማግስቱ 'ባሕር ማዶ ሄደች' ተባለ።"

"እውነት ሄዳ ነው?"

"እናቴ ሻንጣዋን አልጋ ሥር አይታዋለች።"

ይህን ብለው ወደ ታች ወረዱ።

ግድግዳው ላይ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ እጅ የማያስገባ ቀዳዳ አገኘን። ቀውላላው በወዲያኛው ክፍል ዞሮ የመለኪያ ሜትሩን ጫፍ ሊቀበለኝ ሄደ።

ጫፉን በቀዳዳው ሰደድኩት። አንድ ሜትር... አንድ ተኩል...

ቀጥ አለ። ከወዲያ በኩል ተያዘ።

"ያዝከው?"

ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረገው።

"ጠበቅ አድርገው" አልኩ።

ጠበቀ።

ቁጥሩን እየጻፍኩ ሳለ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ።

ቀውላላው በሩ ላይ ቆሟል።

"ወዲያ በኩል እኮ ቀዳዳ የለም" አለኝ።

ሜትሩ አሁንም እጄ ላይ እንደተወጠረ ነው።

"ማነው... የያዘው?" አለ በሹክሹክታ።

ሜትሩን ለቅቄ ወጣሁ።

በማግስቱ ግድግዳውን አስፈረስነው። በር የሌለው ጠባብ ክፍል ነው። ማንም የለበትም። ወለሉ ላይ አቧራው ጣት ያሰምጣል፤ አንድም ዱካ አልታየበትም።

መሀል ላይ አንዲት ወንበር አለች። እሷ ላይ አቧራ የለም።

መቀመጫዋን በመዳፌ ነካሁት...

ይሞቃል።