በጨለመው መንገድ የበራ ቤት

መርማሪዋ ስትጠራ ሬሳው ተነስቶ ነበር። የቀሩት ምሰሶው፣ ዛፍ ወድቆበት የተበጠሰው ሽቦ እና መሰላሉ ሥር የተቀመጡ ሁለት የላስቲክ ጓንቶች ናቸው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬ በእሷ በኩል ካላለፈ ገለባው አይለይም።

ለሌላው ሰው ነገሩ ያለቀለት ነበር። ሟቹ የመብራት መስመር ሠራተኛ ነው። የተበጠሰውን ሽቦ ሊቀጥል የወጣው ከገዛ ቤቱ ቅጥር ጀርባ ባለው የመጨረሻ ምሰሶ ላይ ነው። በመንገዱ ጫፍ ያለውን ዋና ማቋረጫ አጥፍቶ የሚጠብቀው ፎርማኑ ነበር። ሁለቱ በሹመት ተኳርፈው ሰንብተዋል። የሟቹ ታላቅ ወንድም «አብርቶ ገደለው» ብሎ ከሰሰ፤ ፎርማኑ ታሰረ፤ ሥራው ቆመ። መንገዱም እስካሁን መብራት የለውም።

ፎርማኑ ማቋረጫውን እንዳልነካ ማለ። ሟቹ ለምን ጓንት እንዳላጠለቀ ስትጠይቀው ግን አንገቱን ደፋ።

«እሱ ምሰሶው ላይ ስለነበር ሚስቱ የእናቱ መተንፈሻ ማሽን ቆሟል ብላ ለእኔ ደወለችልኝ። ጮኼ ነገርኩት።»

«ምን አሉት?»

«ፍጠን አልኩት። ከተኳረፍን ወዲህ ለእሱ የተናገርኩት አንዲት ቃል እሷ ናት።»

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እዚህ የሚለቀም አልነበረም።

ከሟቹ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የሰማችው የማሽኑን ድምፅ ነው። እናትየዋ በጓዳ ተኝተዋል፤ ልጃቸው ሩቅ ለሥራ እንደተላከ ነው የተነገራቸው። ሚስቲቱ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ከግቢው የቆመችውን የኤሌክትሪክ መኪና አሳየቻት። ማታ ሰው ሁሉ ምድጃውን ሲለኩስ ለመስመሩ ኃይል ታበድራለች፣ ሌሊት ትቀበላለች እያለ ባሏ ይኩራራባት ነበር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቤቱን ትይዛለች።

«ገመዱን ያለ እኔ አትንኪው ይለኝ ነበር። እማማ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ግን ከቤቱ ጋር አገናኘሁት።»

ጥጉ ላይ ያልተከፈተ ካርቶን ነበር። ቤቱን ከመንገዱ መስመር የሚለይ ማብሪያና ማጥፊያ ነው አለች፤ ባሏ እሁድ እገጥመዋለሁ ይል ነበር። መርማሪዋ ከካርቶኑ ወደ መኪናዋ ገመድ ተመለከተች። ብትናገር ይህችን ሴት፣ ዝም ብትል ፎርማኑን በቁሙ ልትቀብር ነው።

ሚስቲቱን፣ ወንድምየውንና በካቴና የታሰረውን ፎርማን ምሰሶው ሥር ሰበሰበቻቸው፤ ሌላ የመስመር ሠራተኛም አስጠራች።

«ማቋረጫው ጠፍቶ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከትናንት ጀምሮ በእኔ ኪስ ነው» አለች አውጥታ እያሳየች። «መንገዱ ኃይል የለውም ማለት ነው። እስቲ ሁለቱን ጫፎች ፈትሽልን።»

ሠራተኛው ጓንት አጥልቆ ወጣ። ከማቋረጫው በኩል በመጣው ጫፍ ላይ የመፈተሻው መብራት አልበራም። በሌላኛው ላይ በራ።

«ሽቦው ገና አልተቀጠለም ነበር» አለች መርማሪዋ። « ፎርማኑ ቢያበራ እንኳ ኃይሉ ክፍተቱን ዘሎ አይመጣም። የጠቆረውም ይኸኛው ጫፍ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ደግሞ አንድ ቤት ብቻ ነው። ሟቹ ቤቱ ኃይል የለውም ብሎ ቸኮለ፤ በዚያው መሀል ቤቱ ከመኪናዋ ኃይል አገኘ፤ ያም ወደ ሽቦው ወጣ።»

ወንድምየው የፎርማኑን ዓይን ማየት አቃተው።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቲቱ ማንም ሳይጠይቃት። «ማሽኑ ሲነሳ መልሼ አልደወልኩም። እማማን ውኃ ላጠጣቸው ገባሁ።»

መርማሪዋ አላወቅሽም ልትላት ፈለገች። ከአፏ የወጣው ግን «ሕግ የሚይዝሽ አይመስለኝም» የሚል ነበር፤ ሴትየዋ ይህን የጠየቀቻት ይመስል። በዚህ ሙያ እንዲህ አቅም አጥታ አታውቅም።

የፎርማኑ ካቴና ተፈታ። የመኪናዋ ባትሪ እየተሟጠጠ ስለነበር ሽቦው አሁኑኑ መቀጠል አለበት። ሽቦውን ለመንካት ግን መኪናዋ መነቀል አለባት፤ እስኪቀጠል ድረስ እናትየዋ ያለ ማሽን ሊቆዩ ነው። ፎርማኑ የሟቹን ጓንቶች አንስቶ አጠለቀ፤ መሰላሉን ወጣ። ማንም ፍጠን አላለውም።

ሚስቲቱ የመኪናዋን ገመድ ይዛ ቆማ ቆማ ነቀለችው። የማሽኑ ድምፅ ጠፋ። ከጓዳው የእናትየዋ ድምፅ በተቆራረጠ ትንፋሽ መጣ።

«ልጄን ጥሩልኝ... እሱ ያስተካክለዋል።»