ጀልባዋ ውስጥ የተቀመጠችው

ውሃው ከጀልባዋ ሥር መንጠባጠብ ሲጀምር መጀመሪያ የሳቀው የሙጫ ወንድም ነው።

«ካፒቴን፣ መርከቡ ሰጠመ፤ ያውም ግቢ ውስጥ» አለ ባልዲውን አስቀምጦ።

ሙጫ የሚለውን ስም ያወጣላት አናጢው አባቷ ነው፤ አንዴ የያዘችውን ነገር ስለማትለቅ። የትምህርት ቤቱን እረፍት ሙሉ ከአባቷ ሥራ የተረፉ ጣውላዎችን ስትልግና ስትመታ ከርማ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ ጀልባ ሠርታለች። ጣውላዎቹ ግን ለእናቷ የወጥ ቤት መደርደሪያ የታሰቡ ነበሩ። ስለዚህ ተስማሙ፤ ጀልባዋ ውሃ ተሞልታ ትፈተናለች፣ ካፈሰሰች ፈርሳ መደርደሪያ ትሆናለች።

አሁን ውሃው ከየመጋጠሚያው እየወረደ የግቢውን ሲሚንቶ አራሰው። ሙጫ እንዳታለቅስ ዓይኗን ከመጋጠሚያዎቹ ላይ አልነቀለችም። እሷ ካለቀሰች ለወንድሟ ሠርግና ምላሽ ነው።

አባቷ መዶሻውን ይዞ መጣ። አልተቆጣም፤ የባሰባትም ይኸው አለመቆጣቱ ነው።

«ጥሩ ሞክረሻል የኔ ልጅ። በይ ጣውላው ሳይበላሽ ልንቀለው።»

«አባዬ፣ እስከ ነገ ተዋት። እንጨቱ ደርቋል፤ ውሃ ጠጥቶ ያብጥ፣ ክፍተቱን ራሱ ይደፍነዋል።»

«ያበጠ እንጨት የተበላሸ እንጨት ነው። በዚህ ሥራ ያረጀሁት እኔ ነኝ አንቺ?»

«ሳህኖቼ መሬት ላይ ናቸው እኮ» አለች እናቷ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ። «ተስማምተን የለ እንዴ?»

አባቷ መዶሻውን ወደ መጀመሪያው ሚስማር ሲያስጠጋ ሙጫ ጫማዋን አወለቀችና ከነልብሷ ጀልባዋ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ውሃው እስከ ወገቧ ደረሰ። ከቅዝቃዜው የተነሳ ትንፋሿ ቁርጥ አለ።

«ውጪ» አላት አባቷ።

«አልወጣም። መንቀል ካለብህ ከነእኔ ንቀላት።»

«ኧረ ይቺን ልጅ ምን ነካት?» አለች እናቷ።

ሙጫ እርጥብ እጇን አንስታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ጠቆመች። «ያንን በር ማን ሠራው?»

በሩን አባቷ ነው የሠራው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንድሟ አብሮ ሄዶ በትከሻው ገፍቶ ይከፍትለታል። አባቷም ነገ እልገዋለሁ፣ ነገ እልገዋለሁ እንዳለ አለ።

«እሱ ሌላ ነገር ነው» አለ አባቷ።

«እሱም እንጨት ነው። ስትሰቅለው በዳሩ ጣት ያሳልፍ ነበር። ዛሬ ወረቀት አያሳልፍም። ውሃ ነው ያሳበጠው፣ አንተ አይደለህም። የኔ ክፍተት ደግሞ ከዚያ ይጠባል።»

ወንድሟ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን በእጁ ያዘ። አባቷ ጎንበስ ብሎ የሚያንጠባጥበውን መጋጠሚያ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ቆየበት።

«እስከ ነገ ጠዋት» አለ በመጨረሻ። «ነገም ካፈሰሰች ነቃይዋ አንቺው ነሽ።»

«እሺ።»

መዶሻውን የጀልባዋ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ እጁን ሊታጠብ ሄደ። በሩን ገፋው፤ እምቢ አለው። በትከሻው ደገመው። ሙጫ አልሳቀችም። ክፍተቱ እንደሚደፈን እርግጠኛ አልነበረችም፤ ጥርሷም ይንቀጫቀጭ ነበር። መዶሻውን አንስታ ጭኗ ላይ አጋደመችና ባዶውን ባልዲ በዓይኗ ለወንድሟ አሳየችው።

«ውሃው ጎድሏል» አለችው። «ጨምር።»