ትርንጎና የአባቷ ታንኳ

ትርንጎ አምስት ዓመቷ ነው። ምላሷ ግን የሃምሳ ዓመት ነው።

የምትኖረው ጣና ሐይቅ ዳር ነው። አባቷ ከደንገል ታንኳ ይሠራል። ደንገል ውኃ ዳር የሚበቅል፣ ረጅምና ቀላል ተክል ነው።

ከሐይቁ ማዶ እትዬ ውዴ ይኖራሉ። እትዬ ውዴ ወንድ ልጅ ወልደዋል።

እሑድ ሕፃኑ አርባ ቀን ይሞላዋል። ክርስትና ይነሣል! የክርስትና አባቱስ ማን ነው? የትርንጎ አባት ነዋ!

«የክርስትና አባት ምን ያደርጋል?» አለች ትርንጎ።

«ሕፃኑን እንደ ልጁ አድርጎ ይወደዋል» አለች እማዬ።

«እኔስ?»

«አንቺንማ ማን ይተካሻል! ያን ሁሉ ወሬ ማን ያወራልናል?»

እትዬ ውዴም መልእክት ልከዋል። «ትርንጎ ትምጣ። ሕፃኑን ትታቀፍልኛለች» ብለዋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትርንጎ መታቀፍ ተለማመደች። ትራሱን ታቀፈች። ዱባውን ታቀፈች። ዶሮዋንም ታቀፈች።

ዶሮዋ ግን መታቀፍ አልወደደችም። «ቋ! ቋ! ቋ!»

ዓርብ ጠዋት ትርንጎ ወደ ሐይቁ ዳር ሮጠች። ምን አየች?

አባዬ ታንኳውን እየፈታው ነው! ገመዱን ይፈታል፤ ደንገሉን ይጥላል። ፍትት! ጧ! ፍትት! ጧ!

«አባዬ! ታንኳችንን ምን እያደረግኸው ነው?»

«አይዞሽ፣ አለሁ» አለ አባዬ። እጁ ግን ሥራውን አላቆመም። ፍትት! ጧ!

የጎረቤት ልጅ ጠጄ መጣች። ጠጄ ሰው ሲከፋው ማየት ትወዳለች። እንዲህ ያለ ሰው ከየሰፈሩ አንድ አይጠፋም።

«እሰይ!» አለች ጠጄ። «አባትሽ ታንኳውን አፈረሰው! ክርስትናው ቀረብሽ! እንግዲህ እየዋኘሽ ሂጂ!»

ትርንጎን ከፋት። «አባዬ ሊወስደኝ አልፈለገም» ብላ አሰበች።

ዛፉ ሥር አዲስ ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከዛፍ ልጥ የተገመደ፣ ጠንካራ ገመድ ነው።

ትርንጎ ገመዱን ብድግ አደረገች። ሮጠች፣ ሮጠች፣ ሮጠች። ዶሮ ቤት ውስጥ ደበቀችው።

ዶሮዋ ምን አለች? «ቋ! ቋ! ቋ!»

አባዬ ገመዱን ፈለገ። ዛፉ ሥር የለም። ድንጋዩ ጀርባ የለም። ደንገሉ መሐልም የለም።

«ትርንጎዬ፣ ገመዱን አይተሻል?»

ትርንጎ ሰማይ ሰማዩን አየች። ሰማዩ ላይ ገመድ የለም። ጥቁር ደመና ግን አለ።

አባዬ አልተቆጣም። መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ገመድ ከሌለ ታንኳ የለም» አለ። «ታንኳ ከሌለ ደግሞ ክርስትና የለም።»

«ታንኳውን ያፈረስኸው አንተ ነህ!» አለች ትርንጎ። እንባዋ ዱብ አለ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ አባዬ። «ሥራዬ ግን ገና አላለቀም። ታምኚኛለሽ?»

ትርንጎ መሬቱን አየች። እዚህ ደንገል። እዚያ ደንገል። ታንኳ የሚመስል ነገር ግን የለም።

ከዚያ አባዬን አየችው። ዓሣ ሲበሉ፣ አጥንቱን ለቅሞ እያወጣ የሚያጎርሳት እሱ ነው። አንድም ቀን አጥንት አጉርሷት አያውቅም።

ትርንጎ ተነሣች። ቀስ ብላ ወደ ዶሮ ቤት ሄደች። «ቋ! ቋ! ቋ!»

ገመዱን ይዛ ተመለሰች። «ዶሮዋ ናት የወሰደችው» አለች።

አባዬ ወደ ዶሮ ቤቱ ዞር ብሎ አየ።

«አይ… እኔ ነኝ።»

«እኔም ዶሮዋ "እኔ አይደለሁም!" ስትል ሰምቻለሁ» አለ አባዬ። ግንባሯን ሳማት።

«አየሽ፣ አሮጌው ታንኳ ውኃ ጠግቧል። ከብዷል። ልጄን በእሱ ላይ አልጭንም። በደረቅ ደንገል አዲስ እሠራልሻለሁ።»

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረኝም?»

«ልነግርሽ ስል ሮጥሻ!»

ሥራው ተጀመረ። አባዬ ገመዱን ይስባል። ትርንጎ ጫፉን ትይዛለች። ሳብ! ጥብቅ! ሳብ! ጥብቅ!

ደመናው እየቀረበ መጣ።

«አባዬ፣ ዝናብ ቢመጣስ? አዲሱም ውኃ ይጠግባል!»

«ለአባቴ ነግሬዋለሁ» አለ አባዬ።

ትርንጎ ዓይኗ ፈጠጠ። «አያቴማ ሞተዋል!»

«የሰማዩን አባቴን ነው። እግዚአብሔርን።»

«እሺ፣ ምን አለህ?»

«እስካሁን ዝም ብሏል።»

«ረስቶህ ይሆናላ!»

አባዬ ሳቀ። «እኔ ዝም ብዬ ደንገል ስፈታ፣ ረስቼሽ ነበር እንዴ?»

ትርንጎ አሰበች። አሰበች። «አልረሳኸኝም» አለች።

«እሱም አይረሳኝም። ከእኔ በጣም፣ በጣም የሚበልጥ አባት ነው። አሁን ገመዱን ያዢ!»

ሳብ! ጥብቅ! ሳብ! ጥብቅ! የመጨረሻው ቋጠሮ ተቋጠረ። ታንኳው አለቀ!

ወዲያው ጠብ አለ። ጠብ… ጠብ… ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ!

«ዝናብ! ዝናብ!» እማዬ እየሮጠች መጣች። ጠጄም እየሮጠች መጣች።

አራት ሰው፣ ስምንት እጅ! ታንኳውን አንሥተው ከቤቱ ታዛ ሥር አስገቡት።

«እኔኮ ታንኳው እንደሚያልቅ ዐውቅ ነበር» አለች ጠጄ። ምን ይባላል! ቆሎ ሰጧትና ዝም አለች።

ትርንጎ ዝናቡን እያየች አባዬን ጎነተለችው። «አባትህ ዝናቡን አላስቀረልህም።»

«አላስቀረልኝም» አለ አባዬ። «የእናትሽ ጎመን ውኃ ጠምቶት ነበር። ጎመኑንስ ማን ያስብለት? ለእኔ ደግሞ ታንኳውን የሚያነሣ ሰው ላከልኝ።»

ትርንጎ ጎመኑን አየችው። ጎመኑ እየጠጣ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። እማዬ ጥጃዋን ልትጠብቅ ቀረች።

ትርንጎ ታንኳው ላይ ከፊት ተቀመጠች። አባዬ ከኋላ ሆኖ ቀዘፈ። ቸብ… ቸብ… ቸብ…

ቤታቸው ራቀ። ዛፉ ራቀ። ከዚያ ከፊቷ ውኃ ብቻ ሆነ። ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ።

«አባዬ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

ቸብ… ቸብ… ቸብ…

«አባዬ፣ እኔ እኮ አላይህም!»

«ታንኳው እየሄደ ነው?»

«እየሄደ ነው።»

«እንግዲያው አለሁ።»

ትርንጎ ወደ ኋላ አልዞረችም። እግሯን ዘረጋች። ጣቷን ውኃው ውስጥ ነከረች። አንድ ነጭ ወፍ በላይዋ አልፎ ሄደ።

ቸብ… ቸብ… ቸብ…

እሑድ በጠዋት ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ሕፃኑም ዝም አላለም። «እንጓ! እንጓ! እንጓ!»

አባዬ ሕፃኑን ከቄሱ ተቀበለ። በነጭ ጨርቅ ጠቀለለው። «እንጓ! እንጓ!»

እትዬ ውዴ እሹሩሩ አሉት። እምቢ አለ። ጡት ሰጡት። እምቢ አለ። «እንጓ! እንጓ!»

«ለእኔ ስጡኝ» አለች ትርንጎ። ቁጭ አለች። እግሮቿን አጣጠፈች። እትዬ ውዴ ሕፃኑን እቅፏ ላይ አስቀመጡላት።

ሕፃኑ እንደ ትራስ አይደለም። እንደ ዱባም አይደለም። ይሞቃል።

ትርንጎ ጆሮው ላይ ጎንበስ አለች።

«ስማ፣ አንተ ሕፃን!» አለችው። «ምን ያስለቅስሃል? ቤትህ አንድ አባት አለህ። አንድ አባት ደግሞ ከእኔ ተዋስህ። በውሰት ነው፣ እሺ? ከሁሉ የሚበልጠው አባትህ ደግሞ በሰማይ አለ፤ እሱ የሁላችንም ነው። ሦስት አባት! ሦስት አባት ያለው ሰው ያለቅሳል?»

ሕፃኑ ዝም አለ። አያት። አፉን በሰፊው ከፍቶ አዛጋ።

ከዚያ ተኛ።

ትርንጎም ጭንቅላቷን አባዬ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። እሷም ተኛች።

አባቶቹ ግን አልተኙም።