በስልክ የተማረው ወጥ

ዒምራን ከራያዋ ዋጃ ተነሥቶ ጅዳ እስኪገባ ድረስ በዕድሜው ድስት ጥዶ አያውቅም ነበር። ማሽላ መዝራት፣ በሬ መጥመድ፣ ግመል መጫን ያውቃል። ማጀት ግን የእናቱና የእህቶቹ አገር ነው፤ እሱ እሳት ሊለኩስ ካልሆነ እዚያ አይገባም። ስለዚህ የራያ ልጆች አብረው የተከራዩት ቤት ገብቶ ገና ሳይለምድ «የወጥ ተራው ያንተ ነው» ሲሉት ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸከሙ ውለው የሚገቡ ናቸው፤ ተራ የደረሰው ያበስላል፣ ሌላው ይተኛል፤ የቤቱ ሕግ ይኸው ነው። ዒምራን የሠራው የምስር ወጥ ታቹ አርሮ ላዩ ጥሬ ነበር። ልጆቹ በዳቦ እያጠቀሱ ቃል ሳይናገሩ በሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ድስቱን ሲፈገፍግ መህዲ መጣ። መህዲ የቆቦ ልጅ ነው፤ ፍራሻቸው ጎን ለጎን ነው። እህቱ ፈሪሀ በቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ከእናቷ ጋር ምግብ ቤት እንደምትሠራ ነገረውና ደውሎ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«ሽንኩርቱ ሳይበስል ነው እንዴ ምስሩን የጨመርከው?» አለችው ከሰላምታ በኋላ።

«ሁሉንም አንድ ላይ ነው የጨመርኩት።»

«በርበሬውንም?»

«በርበሬውንም፣ ውሃውንም።»

ሳቋን እያፈነች እንደሆነ ገባው። አፈረ፤ ግን ቅድም ልጆቹ ፊት እንዳፈረው አልነበረም። «አብሽር» አለችው ቆይታ፤ «ሽንኩርት የሚቸኩልበትን ሰው አይወድም። ነገ እንደገና እንሞክራለን።»

በማግስቱ ስልኩን ከጨው ቆርቆሮው አስደግፎ እሷ እያዘዘች እሱ አቁላላ። የዘይቱን ድምፅ ሰምታ «አሁን ውሃ ጠብ አድርግለት፣ ሊይዝብህ ነው» ትለዋለች። ከቆቦ ሆና የጅዳን ድስት በጆሮዋ ታማስላለች። ቀስ በቀስ ሽሮው ሽሮ፣ ሩዙም ሩዝ መሆን ጀመረ። ልጆቹም ተራቸውን ለዒምራን እየሰጡ እሱ የሚጠላውን የመጸዳጃ ቤት ጽዳት ይወስዱለት ጀመር። ቤቱ ቤት የሆነለት ያን ጊዜ ነው።

ከወጡ ወሬው በረዘመ ጊዜ ነገሩ ለሁለቱም ግልጽ ነበር። ስለ ምግብ ቤቷ ደንበኞች ታወራዋለች፤ እሱ ስለ ሟች አባቱ ማሳ፣ ጎርፍ ሲመጣ ውሃውን እንዴት ጠልፈው ወደ ማሽላው እንደሚመልሱት ይነግራታል። በአካል ተያይተው አያውቁም። ያለው አንድ ፎቶዋ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ወሬው ተቋርጦ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለችው።

«እየሰማሁሽ።»

«ምንም አላልኩም እኮ።»

«እሱኑ ነው የምሰማው።»

መህዲ መዋደዳቸው ሲነገረው ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ሌላው ክፍል ሄደ። ቀናት ካለፉ በኋላ ተመልሶ «ስልኬን የሰጠሁህ ለወጥ ነበር» አለው። ከዚያ ፍራሹን ከጎኑ መልሶ ዘረጋና «በል እንግዲያስ ሽማግሌ ላክ» አለ።

ሽማግሌዎች ከዋጃ ወደ ቆቦ ሄዱ። የፈሪሀ አባት ክብር አልነፈጓቸውም፤ ግን ልጃቸውን ለድምፅ እንደማይድሩ፣ ልጁ መጥቶ በዓይናቸው ማየት እንዳለባቸው ተናገሩ። ዒምራን ደግሞ መኖሪያ ፈቃድ የለውም። ወደ አገሩ የሚመልሰው አንድ መንገድ ለፖሊስ እጅ ሰጥቶ መባረር ነው፤ ከተባረረም አይመለስም፤ እናቱና እህቶቹ ደግሞ የሚኖሩት እሱ በሚልከው ነው። ከረመዳን በኋላ እመጣለሁ አለ። ከዚያም ከአረፋ በኋላ አለ። ፈሪሀ አንድ ቀንም አላስቸኮለችውም። «እኔ አለሁ» ነበር የምትለው።

የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ።

የዚያ ቤት ልጆች ሁሉ ስልካቸውን እንደያዙ ተቀመጡ። ዒምራን እንደ ወትሮው አበሰለ፤ ማንም አልበላም፤ ደፋው። ሳምንታት አለፉ፤ ወሬው ሁሉ የሞትና የስደት ነበር። በመጨረሻ ጫማውን አሰረና ለፖሊስ እጁን ሊሰጥ መሆኑን ለመህዲ ነገረው። መህዲ ለመነው፤ የስደተኞች ማቆያው ውስጥ ስንቱ እንደሚበሰብስ አስታወሰው። ዒምራን «አለች ወይስ የለችም፣ ሄጄ ልይ» አለና ወጣ።

ሳምንት ይፈጃል ያለው ማቆያ ከሦስት ዓመት በላይ ያዘው። ስልኩን ወሰዱበት። አዳራሹ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ ትኩሳት ገባና ብዙዎችን ጣለ። ከሞቱት መካከል ሌላ ዒምራን ነበረ፤ እሱም የራያ ልጅ ነው። ከማቆያው ቀድሞ የተባረረ አንድ ሰው አገር ቤት ሲደርስ «የራያው ዒምራን ሞተ» አለ። ሊዋሽ አልነበረም። የሰማውን ነው የተናገረው።

ዒምራን ዋጃ ሲደርስ እህቱ በር ላይ አይታው ጮኸችና ወደቀች። እናቱ ግን አልጮኸችም። ፊቱን ዳሰሰች፣ እጁን ዳሰሰች፣ ከዚያ መሬት ተቀመጠች። ለቅሶው ከተለቀሰ፣ ሶደቃው ከወጣ ቆይቷል።

ስለ ፈሪሀ የነገረችውም እናቱ ናት። ስልክ ሲለቀቅ መህዲ ጋ ደውላ እንደጠየቀች፤ እንደጠበቀች፤ መርዶው ሲሰማ ከቆቦ መጥታ ከእህቶቹ ጋር ለቅሶ እንደተቀመጠች። ከዚያም በኋላ እየመጣች እናቱን ትጠይቃት ነበር፤ የሚያጯትን ሁሉ እየመለሰች።

«ልጄ አይመለስም፣ ወጣትነትሽን አታቃጥዪ፣ ትዳር ያዢ ብዬ የመረቅኋት እኔ ነኝ» አለች እናቱ። «እጄን ራሷ ላይ ጭኜ።»

የፈሪሀ ባል በድረዲን የቆቦ እህል ነጋዴ ነው። የዒምራንን መምጣት ሲሰማ ራሱ ዋጃ ድረስ መጣ። «እንኳን ለእናትህ አበቃህ» ብሎ አቀፈውና ምሳ ጠራው፤ ሳይመጣ ቢቀር እንደሚቀየም ነገረው። ዒምራንም እሺ አለው።

ሄደ። ፈሪሀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ያን ቀን ነው። ከፎቶው ትቀጥናለች። ሕፃን አዝላለች። ምግቡን አቀረበች፤ እሱም ጎንበስ ብሎ በላ፤ ጣዕሙን ግን አላወቀውም። በድረዲን ለዙህር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ በሩን እንደተከፈተ ትቶ ወደ ግቢው ወጣ። የውሃው ድምፅ ይሰማል።

«ወሏሂ ቀብሬህ ነበር» አለችው። ድምፁ ያው የስልኩ ድምፅ ነው።

«አውቃለሁ።»

«እሱ ደግ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

ሕፃኑ ነቃና ተነጫነጨ፤ እሹሩሩ እያለች ተወዛወዘች። ዒምራን ጅዳ ሳለ፣ ከዚያም ማቆያው ውስጥ፣ ሊነግራት ያዘጋጀው ብዙ ነገር ነበረ። ሕፃኑን እያየ አንዱንም አልተናገረም።

«ሁለተኛ አትምጣ» አለችው፤ አላየችውም። «ጠልቼህ አይደለም።»

«እሺ» አላት።

በድረዲን እስከ መኪናው ሸኘው፤ ቤቱ የዒምራንም ቤት እንደሆነ፣ እንዳይጠፋ ነገረው። ዒምራንም ኢንሻአላህ አለና ወደ ዋጃ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረ።

እናቱ ደጅ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። አየሃት ወይ አለችው። አጠገቧ ተቀምጦ ማየቱን፣ ደህና መሆኗን፣ ልጅ መውለዷን ነገራት።

«ይቅር በለኝ» አለች እናቱ።

«ምን አጠፋሽ? እኔም ሞቼ መናገር ብችል ያንኑ እላት ነበር።»

እናቱ ራሷን ጉልበቱ ላይ ደፋች። ዒምራን እጁን ሻሿ ላይ አሳረፈ፤ አገሩ ከገባ ጀምሮ ያላለቀሰውንም ያን ጊዜ አለቀሰ።